ሁሉም ሰው ደግ የሆነበት ሳምንት

ቆርኪ መሬት ላይ ካየሁ ሳላነሳ አላልፍም። ሠላሳዎቹን ልጨርስ የተቃረብኩ ሴት ነኝ፤ ሰው በሥርዓት ለብሶ የሚገባበት ቢሮ ነው የምሠራው። ቢሆንም እዚህ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም መንገድ ዳር ጎንበስ ብዬ አነሳና በጣቴ አንዴ ገልበጥ አድርጌ እጥለዋለሁ። ልጅ እያለሁ ካሳራኒ ቤታችን ውስጥ ዳማ የምንጫወተው በቆርኪ ነበር። የአባቴ ቆርኪዎች ጥርሳቸው ወደ ላይ፣ የእኔ ጀርባቸው ወደ ላይ። ሰሌዳውን አባቴ ከቢሮ ባመጣው የካርቶን ክዳን ላይ በማስመሪያ አስምሮ፣ ጥቁሮቹን ቤቶች በሰማያዊ እስክሪብቶ አቅልሞ ነው የሠራው። ክረምት ላይ ካርቶኑ እርጥበት ይስብና ሳሎኑ የወረቀትና የለስላሳ ሽታ ይሸት ነበር። ከታች ቤት ደግሞ የቻፓቲ ዘይት ሽታ በደረጃው ይወጣል።

አሁን መደርደሪያዬ ሙሉ ነው። አንዳንዱ የሰሌዳ ጨዋታ ሳጥኑ ብቻ የሕፃን አልጋ ያክላል። እሁድ ከሰዓት በኋላ አራት ጓደኞቼ ይመጣሉ፣ እስኪመሽ እንጫወታለን። የራሴ አቋም አለኝ፣ ጓደኞቼም ሰልችቷቸዋል። ዳይስ ብቻ የሚወስነውን ጨዋታ አልነካም። ሁሉም ተባብሮ የሚያሸንፍበትን ጨዋታ ደግሞ ሳየው ስብሰባ የገባሁ ይመስለኛል። ከቪዲዮ ጌም የምወደው የደረስኩበትን አስቀምጬ፣ ከጠፋሁ ወደ ኋላ ተመልሼ የምጀምረውን ነው። መጽሐፍ ሳነብ የመጨረሻውን ገጽ አስቀድሜ አነባለሁ፤ ይሄን ስናገር አንዷ ጓደኛዬ ጆሮዋን ትደፍናለች። ሌላው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ ሦስት መቶ ገጽ መጓዝ ደስ አይለኝም። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር አልታገሥም፤ ሆን ብሎ የተሸነፈልኝን ሰው ሁለተኛ አልጠራውም። አዝኖልኝም ይሁን ራት እንዲደርስለት፣ ለእኔ ያው ነው።

ይሄ ጠባይ ከየት እንደመጣ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። የመጣው አሥራ ሁለት ዓመቴ እያለ፣ ትምህርት ቤት ዝግ በነበረበት በአንድ ነሐሴ፣ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ባሉት ቀናት ነው።

አባቴ ላቪንግተን ያለ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ጠዋት በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ ይሄዳል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አቧራ ለብሶ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል፣ እግሩን ይታጠብና ሰሌዳውን ይዘረጋል። ቁምነገረኛ ሰው ነው፤ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በአባቴ ቤት ዳማ ያለ ስድብ አይጫወቱትም። አንድ ቆርኪ ሲበላብኝ "ሂጂ፣ ለእናትሽ ንገሪያት" ይለኛል። እኔ ስበላበት "ሌባ! ይሄን ሁሉ ዓመት በዚህ ጭንቅላትህ ነው ደሞዝ የበላኸው?" እላለሁ። ከሰሌዳው ስነሳ ጨዋ ልጅ ነኝ፣ ውሃ አቀብላለሁ። ሰሌዳው ፊት ግን ያልተሳደበ ልቡ ጨዋታው ላይ የለም ማለት ነው። ሌላው ሕጉ ደግሞ መብላት እየቻሉ አለመብላት አይቻልም የሚለው ነው። ፊትህ የመጣውን ትበላለህ፣ ወጥመድ መሆኑን እያወቅህም ቢሆን።

በዚያ ነሐሴ ደህና መጫወት ጀምሬ ነበር። ከሦስት ጨዋታ አንዱን አሸንፋለሁ። አባቴ ሲሸነፍ ለእናቴ በኩራት ይነግራታል፤ እኔ ግን ፊቴ ላይ ምንም አላሳይም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ ተሾመ መጣ። ጋሽ ተሾመ ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት ያለው የአባቴ ወዳጅ ነው፤ ከአባቴ ጋር አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። ሲመጣ ከደረጃው ጀምሮ እየጮኸ ነበር የሚመጣው። የዚያን ቀን በሩን በጣቱ ጫፍ አንኳኳ። እናቴን ማዕድ ቤት አስገብቶ በሹክሹክታ ሲያወራ እኔ ሳሎን መሬት ላይ ተኝቼ መጽሐፍ አነብ ነበር። ቤታችን ትንሽ ነው፣ ግድግዳው ሁሉን ያሰማል። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ሰኞ ዕለት ሞተዋል። ከአዲስ አበባ የተደወለው ለአባቴ ሳይሆን ለጋሽ ተሾመ ነው፤ መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርምና። የተወሰነው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ ነጻ በሆነበት፣ ከቤተ ክርስቲያን ቄሱም ተጨምረው ይመጡና ያረዱታል። እስከዚያ ወሬው እንዳይደርሰው እናቴ ቤቱን፣ ጋሽ ተሾመ ደግሞ ቢሮ ያሉትን ሐበሾች ይይዛሉ።

እናቴ ስትወጣ አየችኝ። "ሰማሽ?" አለች። ራሴን ነቀነቅኩ።

"እንግዲህ አንቺም ትልቅ ሰው ነሽ" አለችና አጠገቤ ቁጭ አለች። "ማታ ማታ አጫውቺው። ወጣ ልበል ካለ ሌላ ጨዋታ እንጨምር በይው። ሁርሊንግሃም እንዳይሄድ፣ ስልክ እንዳይፈልግ። አደራ፣ ካንቺ አፍ እንዳይሰማ።"

ማልቀስ እንዳለብኝ አውቄያለሁ፣ ጠበቅኩትም፣ አልመጣም። አያቴን የማውቃቸው በስልክ ብቻ ነው። በዓል ሲመጣ አባቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይለጥፈዋል፣ ራቅ ያለ ድምፅ "አደግሽልኝ?" ይለኛል፣ "አዎ" እላለሁ፣ መስመሩ ይቋረጣል። ከናይሮቢ በፊት የነበረውን አላስታውስም። ጎረቤታችን ማማ ኬቪን ቤት ሄጄ ከልጇ ጋር ቪዲዮ ጌም ተጫወትኩ። ኬቪን ኳስ ጨዋታው ላይ ሁልጊዜ ያሸንፈኝ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አራት ለዜሮ አሸነፍኩት። "ዩ አር ኖት ኢቭን ሃፒ፣ ሲስተር" አለኝ። ደስተኛ አልነበርኩም። አዝኜም አልነበረም።

ማታ አባቴ ሲመጣ እናቴ "ሱሪህ ቆሽሿል፣ አውልቀው ልዘፍዝፈው" አለችና ከነስልኩ ባልዲ ውስጥ ከተተችው። በኋላ ስልኩን ከውሃ ስታወጣ "ወይኔ ጉዴ!" ብላ የጮኸችው ጩኸት እኔን ራሱ ሊያሳምነኝ ነበር። "ነገ ለስልክ ጠጋኙ ፉንዲ እሰጠዋለሁ፣ ያደርቅልሃል" አለችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቴ አንድ ሰዓት ያወራበታል። ያን ማታ ግን "ደግ፣ ከስልክ አረፍኩ" ብሎ ሳቀ። ዳማ ተጫወትን። አሸነፈኝ፣ ተሰዳደብን።

ረቡዕ ላይ ነው የተበላሸሁት። ቁጭ ብሎ ቆርኪዎቹን ሲደረድር አንገቱን አየሁት። ፀጉር አስተካካዩ ጀርባው ላይ የተወው ትንሽ ጭረት ነበረው። ይሄ ሰውዬ እናቱ ሞታለች፣ እሱ ግን ቆርኪ ይደረድራል ብዬ አሰብኩ። እንደሚበላኝ እያየሁ ቆርኪዬን ፊቱ ገፋሁለት። ሁለት ጨዋታ ሰጠሁት።

ሐሙስ ዝናብ ነበር፤ መብራት ሄዶ በመስኮቱ ብርሃን ነበር የምንጫወተው። እናቴ ጎረቤት ሄዳ ነበር። እንደ ትናንቱ አንድ ቆርኪዬን እየገፋሁ ፊቱ አመጣሁለት። ከበላት ሌላ ሁለት አስከትሎ ይበላል፣ ጨዋታው አበቃ። አባቴ ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አየና እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"ብላ እንጂ" አልኩት።

"ዛሬ አልሰደብሽኝም" አለ።

ቆርኪዋን በጣቴ ነካ አደረግኳት።

"ትናንትም አልሰደብሽኝም። ተሾመ ዛሬ ቢሮ ድረስ መጥቶ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሆዴን ሳይሰድብ ሰላም ብሎኝ አያውቅም፤ ዛሬ እጄን በሁለት እጁ ይዞ 'እንዴት ነህ ወንድሜ' አለኝ። እናትሽ ሦስት ቀን ተከታትላ የምወደውን ሽሮ ሠራች። ቢሮ ያሉት ልጆች ሻይ ካልጋበዝንህ ይሉኛል።" ይሄን ሁሉ ሲናገር ዓይኑን ከሰሌዳው አላነሳም። "በዚህ ሳምንት ሁሉም ሰው ደግ ሆነብኝ፣ ሂሩቴ።"

መልስ ማዘጋጀት ነበረብኝ፤ እናቴ ብትሆን ታዘጋጅ ነበር። እኔ ግን ቆርኪዎቹን እቆጥር ነበር።

"እናቴ ናት?" አለ።

አደራውን አልረሳሁም። ከአፌ አልወጣም። ግን አንገቴ ራሱ ዝቅ አለ።

"መቼ?"

"ሰኞ።"

ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲመታ ይሰማል። አባቴ እጁን ዘረጋ፣ ቆርኪዬን በላት፣ ቀጥሎ ሁለቱን በላ፣ ሦስቱንም በጎኑ ደረደራቸው። "ሕግ ነው" አለ። ከዚያ "ለእናትሽ እንዳትነግሪያት" አለኝ። "ቅዳሜ ይሆናል የሚመጡት፣ አይደል? ይምጡ።"

"አውቀህ?"

"ስንት ለፍተውበታል" አለ። "ስልኬን እንኳ ገድላዋለች።"

ሊስቅ ነበር መሰለኝ፣ አልሳቀም። "ሁለተኛ ግን እንዲህ አትጫወቺ" አለኝ። "ሰውን እንደዚህ ነው የሚያስደነግጡት።" እናቴ በሩን ስትከፍት ሦስተኛውን ጨዋታ ጀምረን "ሌባ" እየተባባልን ነበር። በደንብ ሰደብኩት። ዓይኗን ወደ እኔ ጣል አድርጋ፣ ጎሽ እንደማለት፣ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

አርብ እንደወትሮው ሥራ ሄደ። ሲመለስ "ፉንዲው ስልኩን አልጨረሰውም እንዴ? ጎበዝ ነው ያልሽኝ ሰውዬ?" ብሎ እናቴን ተቆጣ። እሷም "ነገ ነይ ብሎኛል" አለች። ሁለቱን ግራና ቀኝ እያየሁ ራት በላሁ። እሷ እሱን ትጠብቀዋለች፣ እሱ እሷን ይጠብቃታል፣ ሁለቱንም የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ከራት በኋላ አባቴ ገላዬን ልታጠብ ብሎ ገባና ውሃው ብዙ ፈሰሰ። እናቴ ከውጭ "አይ አንተ ሰውዬ፣ ታንከሩን ጨረስከው እኮ" አለች። ውሃው መፍሰሱን ቀጠለ። እኔ በዚያን ሰዓት የማደርገው ነገር አጥቼ መጽሐፌን አወጣሁና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ አነበብኩ።

ቅዳሜ ከወፎቹ ጋር ነቃሁ። አባቴ ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ፣ ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ሳሎን ቁጭ ብሏል። እናቴ መኝታ ቤት ናት፣ የተኛች መስላ። ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እርምጃ ተሰማ፤ ቀስ ብለው ለመውጣት ሲሞክሩ የባሰ ይሰማ ነበር። አባቴ ብድግ አለ። ሸሚዙንና ሱሪውን አውልቆ ሶፋው ጀርባ ወረወራቸው፣ የሌሊት ልብሱን አጠለቀ፣ ፀጉሩን በሁለት እጁ በተነው። አየኝ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

"ማነው በዚህ ሰዓት?" አለ፣ እንቅልፍ በያዘው ድምፅ።

ጋሽ ተሾመ ከፊት ነው፣ ቄሱ አጠገቡ፣ ከኋላ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከቢሮው ሦስት ሰዎች። ጋሽ ተሾመ አባቴን ሶፋው ላይ አስቀምጦ እጁን ያዘ። "እንግዲህ ወንድሜ፣ እናታችን ዐርፈዋል" አለ። የዚያን ጊዜ አባቴ ያወጣውን ድምፅ ዛሬም ድረስ ምን እንደምለው አላውቅም። የምር ነው። ከሐሙስ ጀምሮ የት አስቀምጦት እንደነበር አይገባኝም። ሴቶቹ ተቀበሉት፣ እናቴ ከመኝታ ቤት እየጮኸች ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ "አውቄ ዝም አልኩህ፣ ይቅር በለኝ" ትለው ነበር። እሱም ጀርባዋን እየደባበሰ "ምን ታደርጊ፣ ምን ታደርጊ" ይላል። ማማ ኬቪን በጩኸቱ ደንግጣ ሻርፕ ደርባ መጣች፤ ሲነገራት ቤቷ ተመልሳ አንድ ትልቅ ፔርሙዝ ሻይ ይዛ መጣች። "ፖሌ ሳና፣ ባባ" እያለች፣ በስዋሂሊ እያጽናናች፣ ለሁሉም ቀዳች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። አንዲት ሴትዮ "ይቺ ልጅ ደንግጣ ደርቃ ቀረች" ብላ አቀፈችኝ። አልደነገጥኩም።

ሦስት ቀን ቤቱ በሰው ተሞላ። ወንዶቹ እንደ ደንቡ ካርታ ተጫወቱ፣ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን። ሁለተኛው ቀን ላይ ጋሽ ተሾመ ሰሌዳውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ አባቴ ፊት ዘረጋው። አባቴ ዝም ብሎ ተጫወተ፣ ጋሽ ተሾመም ዝም ብሎ። ሰኞ ከሰዓት ላይ ጋሽ ተሾመ አንዱን ቆርኪ በልቶ "ይሄን ሆድ ተሸክመህ እንዴት ብለህ ታያለህ!" አለና፣ ወዲያው ደንግጦ እጁን አፉ ላይ ጫነ። አባቴ ቀና ብሎ አየው። "ሌባ" አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አንዳንድ ሴቶችም አለቀሱ። እኔ ጠረጴዛውን እየጠራረግኩ ነበር።

አባቴ አስቀድሞ ማወቁን እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም። በእኔና በእሱ መካከልም ሁለተኛ አልተነሳም።

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ሁለቱም አዲስ አበባ ገቡ፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ። አሁን ስልክ ባልዲ ውስጥ መክተት ምንም አይጠቅምም፤ አንዱን ብትዘፈዝፈው ላፕቶፑ ይጮሃል። ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ረጅም ጨዋታ ይዘን ነበር፤ መንገድ የሚሠራበት፣ ከተማ የሚገናኝበት። ስልኬ በራ። የዘመዶች ግሩፕ ውስጥ፣ በመልክ እንኳ የማላውቀው የአክስቴ ልጅ ልጅ፣ የአባቴን ስም ጠቅሶ "ዐረፉ፣ ነፍስ ይማር" ብሎ ጽፏል፣ አንድ ሻማም አስከትሏል። ከሥሩ ሌላ ሻማ፣ ከሥሩ ሌላ።

ተራው የእኔ ነበር። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩና ተጫወትኩ። ቀጥሎም ተጫወትኩ። አሸነፍኩ፣ በሁለት ነጥብ፣ ማንም ሳያዝንልኝ። ጓደኞቼ "ድንጋይ ነሽ" ብለው ስቀው ሄዱ። ሳጥኑን በሥርዓት አሽጌ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። ምንም አልተሰማኝም፣ አሁንም ብዙ አልተሰማኝም። ሐኪም ባማክር ስም ያወጣለት ይሆናል። አባቴ ሦስት ቀን የማያውቅ ሰው ሆኖ ሥራ ሄደ፣ ሽሮ በላ፣ ፀጉሩን ተቆረጠ፤ ያኔ ውሸት የመሰለኝ ያ ጊዜ ሰዎች ሠርተው የሰጡት ስጦታ መሆኑ የገባኝ እጄ ላይ ሻማዎቹ ሲበዙ ነው።

ሊመሽ ሲል እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ደህና ነበር፣ ከመጠን በላይ ደህና። ሥራ እንዴት ነው አለችኝ። ናይሮቢ ዝናብ አለ ወይ አለችኝ። "አባትሽም ደህና ነው" አለች። "አሁን ጋደም ብሏል።"

አባቴ ቢሆን "እሺ፣ ሲነቃ ሰላም በይልኝ" ይል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልለው እችል ነበር።

"እማዬ፣ አውቃለሁ" አልኳት።

ከኋላዋ የሰው ድምፅ፣ የወንበር መጎተት ይሰማል። "ማን ነገረሽ?"

"ተጽፎ አየሁት።"

"ለጠዋት እኮ ሰው አዘጋጅቼልሽ ነበር" አለች። "ተሾመ በዚህ በታመመ እግሩ ደረጃውን እወጣለሁ ብሎኝ፣ ቄሱም እሺ ብለው። ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ።" ድምፅዋ መሰበር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ልታጽናናኝ የተዘጋጀችበትን ሁሉ እጇ ላይ አስቀረሁባት።

"ብቻሽን ነሽ?" አለች።

ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት።

"አይ" አልኳት። "ጓደኞቼ አሉ።"